ፀሐይ ባለቤት ናት ወይስ ተከራይ?

ግንቦት 1 ቀን፣ የእመቤታችን የልደቷ መታሰቢያ በሚከበርበት ምሽት፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል የሚሆነውን የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። እህሉ ከየቤቱ ተዋጥቶ በአንድ ድስት ይቀቀላል፤ ቡናው በደጅ ይፈላል፤ ዓመቱን ሙሉ በደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ ብቻ ሲለዋወጡ የቆዩ ጎረቤቶች በዚያች ምሽት በአንድ ሰፌድ ንፍሮ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ከዚያው ሰፌድ ይዘግናል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ካለችው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ፣ ዕለቲቱ ለሰፈሩ የገዛ ልደቱ ያህል ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህች ምሽት መብራት ጠፋ። በየመስኮቱና በየመንገዱ ያለው ብርሃን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጨልም፣ በሕንፃዎቹ ጣራዎች መካከል በምትታየው ጠባብ ሰማይ ላይ ከዋክብት ብቅ አሉ። በእሑድ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የማስተምራት አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና፣ በትምህርት ቤት የሰማችውን አስታውሳ፣ «ጋሼ፣ ፀሐያችን የምትኖረው በጋላክሲው በአንዱ ክንድ ውስጥ ነው ብለውናል። እዚያ ባለቤት ናት ወይስ ተከራይ?» ስትል ጠየቀችኝ። የሰሟት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ልጅቱ ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣችው ዐውቅ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየቤቱ እየዞርን መቍጠሪያ የምንጸልይ፣ በኀዘንና በሕመም ጊዜም በአቅማችን የምንረዳዳ ጥቂት ምእመናን ነን። ከዚያ በዓል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ባደረግነው ስብሰባ፣ ከእንግዲህ በመዝገባችን ሊሰፍር የሚገባው የቤት ባለቤት የሆነ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ተከራይ ዛሬ ገብቶ፣ ኪራይ ሲጨመርበት በስድስት ወሩ ይወጣል፤ የመረዳጃው ገንዘብ የብዙ ዓመታት መዋጮ ነው፤ ልጆቹም ትምህርቱን ጀምረው ሳይጨርሱ ይሄዳሉ፤ ማኅበር የሚጸናው በሚኖር ሰው እንጂ በሚያልፍ ሰው አይደለም፤ ምክንያታቸው ይህ ነበር። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርሁ። እጄን አውጥቼ ሐሳቡን ደገፍሁ፤ ከዚያም ወደ ቤቴ ገብቼ የተከራዮቹን ስም በእርሳስ ሰረዝሁ። የዚያች ልጅ ወላጆች ተከራዮች ነበሩ።

ይህች ጽሑፍ እንግዲህ ለልጅቱ የዘገየች መልስ ናት። ጥያቄዋ በአንድ በኩል የሥነ ፈለክ ጥያቄ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ የኅሊና ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ ነገ ለሚሄድ ሰው ዛሬ ምን ዕዳ አለብን? የሚል ነው። በመጀመሪያ ሊቃውንት ስለ ፀሐይ ያገኙትን እንመልከት፤ ከዚያ ወደ ጎረቤታችን እንመለሳለን።

ከልደታ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የእንጦጦን ተራራ ያያል። በዚያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሥፍራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት፣ የአንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስተዋቶች የተገጠሙላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ከተማ ባለበት ሁሉ መብራት አለ፤ መብራት ባለበትም ደካማው የከዋክብት ብርሃን ይሸፈናል። ይህ ችግር በቤተ ክርስቲያናችንም ታሪክ የታወቀ ነው። የቫቲካን የከዋክብት መመልከቻ የሮም ከተማ መብራት ስላስቸገረው በ1930ዎቹ ወደ ካስቴል ጋንዶልፎ ተዛወረ፤ በዚያም ብርሃኑ ስለ ተከተለው፣ በ1993 ሥራውን የጀመረው ቴሌስኮፑ በአሜሪካ፣ በአሪዞና ክፍለ ሀገር በግራሃም ተራራ ላይ ተተከለ። ሰማይን ለማየት ከገዛ መብራታችን መራቅ ያስፈልጋል።

ከመብራት ርቆ በገጠር የሚያድር ሰው በጨለማ ሌሊት ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ነጭ ጎዳና ያያል። ይህም ፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም የወተት መንገድ ይባላል። ጎዳናው በዐይን ብቻ ተለይተው የማይታዩ እጅግ ብዙ ከዋክብት ስብስብ መሆኑን ጋሊሌዎ በቴሌስኮፑ ተመልክቶ በ1610 አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በ1845 ሎርድ ሮስ የተባለው መኰንን በአየርላንድ ባሠራው፣ 1.8 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ከሰማይ ጭጋጎች አንዱን ሲመለከት፣ እንደ ውኃ አዙሪት የተጠማዘዘ ሆኖ አገኘው፤ ያየውንም በእጁ ሣለው። ጭጋጉ ምን እንደ ሆነና ምን ያህል እንደሚርቅ ግን በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም።

የዚህ ምሥጢር መፈታት ከአገራችን ስም ጋር የተያያዘ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ግሪኮች በአፈ ታሪካቸው ስለ ኢትዮጵያ ንጉሥ ስለ ሴፌውስ፣ ስለ ንግሥቲቱ ስለ ካሲዮፔያና ስለ ልጃቸው ስለ አንድሮሜዳ ይተርካሉ፤ በእነርሱ አነጋገር ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ሁሉ ነበር። በሦስቱም ስም የከዋክብት ቡድኖችን ሰይመዋል። በ1923 አሜሪካዊው ኤድዊን ሃብል በአንድሮሜዳ ቡድን በኩል በሚታየው ጭጋግ ውስጥ ብርሃኑ በየጊዜው የሚጨምርና የሚቀንስ አንድ ኮከብ አገኘ። እንደዚህ ያሉት ከዋክብት በንጉሡ ቡድን ውስጥ በምትገኝ በአንዲት ኮከብ ምክንያት «ሴፌይድ» ይባላሉ፤ ርቀታቸውም ሊለካ ይችላል። በዚህም መለኪያ የአንድሮሜዳ ጭጋግ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች፣ ራሷን የቻለች የከዋክብት ዓለም መሆኗ ታወቀ። ዛሬ በተደረሰበት ስሌት 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቀናለች። እንዲህ ያለውን የከዋክብት ዓለም ጋላክሲ እንለዋለን።

የእኛም ጋላክሲ እንደ እነዚያ የተጠማዘዘ ነው። ስፋቱ 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ከዋክብት ከ100 ቢሊዮን አያንሱም። ፀሐያችን ከመካከሉ 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ፣ በፐርሴውስና በሳጂታሪየስ ክንዶች መካከል በሚገኘውና የኦርዮን ክንድ በሚባለው አነስተኛ ክንድ ውስጥ ትገኛለች። ቆማ ግን አትኖርም። ምድርንና ሌሎቹን ፕላኔቶች አስከትላ በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘች የጋላክሲውን መካከል ትዞራለች፤ አንዱን ዙር ለመፈጸምም 230 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ዕድሜዋ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስለ ሆነ፣ እስከ ዛሬ ሃያ ጊዜ ያህል ዞራለች ማለት ነው።

ሊቃውንትን ያስጨነቀው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። ለመካከሉ ቅርብ የሆኑት ከዋክብት ዙራቸውን ፈጥነው ይጨርሳሉ፤ ዳር ያሉት ይዘገያሉ። ክንዱ ከማይለወጡ፣ ዘወትር አብረው ከሚኖሩ ከዋክብት የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠቀለል ተጠቅልሎ መልኩ በጠፋ ነበር። ጋላክሲዎች ግን በቢሊዮን የሚቈጠር ዓመት አሳልፈው ክንዶቻቸው ዛሬም ይታያሉ። ታዲያ ክንዱ ምንድን ነው?

ስዊድናዊው በርቲል ሊንድብላድ መንገዱን ካመለከተ በኋላ፣ በ1964 ቺያ ቺያዎ ሊንና ፍራንክ ሹ ዛሬ በስፋት የሚታወቀውን መልስ አቀረቡ። ሁለቱም በቻይና ተወልደው በአሜሪካ ያገለገሉ ምሁራን ነበሩ። እንደ እነርሱ አስተምህሮ ክንዱ ከዋክብት ተጠጋግተው የሚያልፉበት የመጨናነቅ ማዕበል ነው እንጂ የተወሰኑ ከዋክብት ጉባኤ አይደለም። ይህን ለመረዳት ማታ ማታ በሜክሲኮ አደባባይ የሚታየውን የታክሲ ሰልፍ ማሰብ ይበቃል። በዐሥራ አንድ ሰዓት ያየነው ሰልፍ በአንድ ሰዓትም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት ይታያል። ነገር ግን በፊት ከነበሩት ሰዎች አንድም የለም፤ ሁሉም ገብተው፣ ቀስ ብለው ተራምደው፣ ተሳፍረው ሄደዋል። ሰልፉ አለ፤ ሰልፈኞቹ ግን ሁሉ አላፊዎች ናቸው።

በሰማይም እንዲሁ ነው። ኮከቡ በዙሩ ላይ ሳለ ወደ ክንዱ ሲቀርብ በዚያ የተሰበሰበው ክብደት ይስበዋል፤ በውስጡ ጥቂት ዘግይቶ ያልፋል፤ ከኋላው የመጣውም ይተካዋል። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ክንዱ ከእነዚሁ አላፊዎች የተለየ ሌላ ምሰሶ የሌለው መሆኑ ነው። መጪውን የሚስበው ዛሬ በዚያ ያሉት የመጠጋጋታቸው ክብደት ነው፤ እነርሱም ቀድሞ በነበሩት ተስበው የመጡ ናቸው።

በዚያ መጠጋጋት ውስጥ ሌላ ነገር ይፈጸማል። በከዋክብት መካከል የሚንሳፈፈው ጋዝና ትቢያ በክንዱ ሲያልፍ ይታመቃል፤ ከታመቀውም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ። ከእነርሱ ታላላቆቹና ደማቆቹ ዕድሜያቸው በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የሚወሰን በመሆኑ ከክንዱ ርቀው ሳይሄዱ ያልቃሉ፤ እንደ ፀሐይ ያሉት ግን ቢሊዮን ዓመታት ስለሚኖሩ ክንዱን ትተው ይሄዳሉ። ክንዱን ከሩቅ አብርቶ የሚያሳየን በውስጡ ያለው የኮከብ ቍጥር ብቻ አይደለም፤ በከዋክብት ብዛትማ በክንዱና በክንዱ መካከል ያለው ስፍራ ባዶ አይደለም። ክንዱን በተለይ የሚያደምቀው በዚያ በየጊዜው የሚሆነው ልደት ነው።

ሊቃውንቱ በሁሉም ነገር ተስማምተዋል ማለት አይደለም። አንዳንድ ጋላክሲዎች ረጅም ዕድሜ ያላቸው ታላላቅ ክንዶች እንዳሏቸው፣ በሌሎች ግን ክንዶቹ እየተበተኑ እንደገና እንደሚሠሩ የሚያስረዱ አሉ፤ በእኛ ጋላክሲ የትኛው እንደሚበረታም ዛሬ ይመረመራል። ለልጅቱ ጥያቄ ግን መልሱ በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ፀሐይ ያለችበት ክንድ ባለቤት አይደለችም። ገብታለች፤ ትወጣለችም። ከእርሷ ጋር በዚያ ካሉት ከዋክብትም ባለቤት ሊባል የሚችል የለም።

እንግዲህ «ማኅበር የሚጸናው በሚኖር ሰው ነው» ወደሚለው አባባላችን እንመለስ። አባባሉ ግልጽ እውነት ይመስላል፤ ጽኑ ነገር ከጽኑ ክፍሎች መሠራት አለበት ብለን እናስባለንና። ይህን ግምት የፈተኑት ግን የዛሬ ሥነ ፈለክ ተመልካቾች ብቻ አይደሉም። አሪስጣጣሊስ ስለ ፖለቲካ በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል፣ ሰዎቿ ሲሞቱና ሲወለዱ ከተማ ያችው ከተማ ናት ሊባል ይቻላልን? ብሎ ጠይቆ፣ ውኃው ዘወትር የሚያልፈውን ወንዝ በምሳሌ አነሣ፤ የከተማ አንድነት ከሁሉ በላይ በሥርዓቷ እንደሚታወቅም አስረዳ። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስም ስለ ሰው ሥጋ ሲያስተምር፣ እንጨቱ እየነደደ ሌላ እንጨት ሲጨመርበት እሳቱ ያው እሳት እንደሚሆን፣ ሰዎቿ ቢተካኩም ከተማዪቱ ያችው እንደምትሆን አመልክቷል። የሚቀረው ቅርጹ ነው፤ የሚያልፈው በቅርጹ የተያዘው ነው።

ነገር ግን በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱንም በቅንነት መመልከት ይገባል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ከዋክብት እንዲህ ስለ ሆኑ ሰው እንዲህ ያድርግ ማለት አይቻልም የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው። ክንዱ ኮከብን የሚቀበለው ስለ ወደደው አይደለም፤ ሲለየውም አያዝንም። ከተፈጥሮ ሥርዓት ተነሥቶ የምግባርን ሕግ በቀጥታ መቅዳት አደጋ አለው፤ በሰማይ ትልቁ ትንሹን ሲውጥም ይታያልና። የዓለምን መስፋፋት በ1927 ያስረዳው ቤልጅጋዊው ካህን ዦርዥ ለሜትር፣ የሳይንስ ግኝቱ የእምነት ማስረጃ ተደርጎ እንዳይወሰድ ይጠነቀቅ እንደ ነበር ይታወቃል። እኛም የእርሱን ጥንቃቄ ልንይዝ ይገባናል። የጋላክሲው ክንድ ጎረቤትህን ተቀበል ብሎ አያዘንም። የሚያደርግልን አንድ ነገር ነው፤ አልቀበልም ለማለት ያቀረብነውን ምክንያት ያፈርሳል። «በአላፊ ሰው ማኅበር አይቆምም» ብለን ነበር፤ እነሆ፣ ከአላፊዎች ብቻ የቆመ ታላቅ ነገር በሰማይ አለ። ምክንያታችን ከፈረሰ፣ የቀረው እምቢታችን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። የሚቀረው ቅርጹ ከሆነ፣ ሰው ለማኅበሩ እንደ ማገዶ ሊቈጠር ነውን? እንጨቱ ነድዶ እሳቱ እንዲቀጥል፣ ሰዎች እያለፉ ማኅበሩ ብቻ እንዲኖር ነውን? ሰውን ለሥርዓታቸው መቆያ ማገዶ ያደረጉ መንግሥታት በዓለም ታይተዋል፤ በአገራችንም የእነዚያን ዘመናት ጠባሳ የተሸከሙ ቤተ ሰቦች አሉ። የክርስትና ትምህርት በዚህ ላይ ጽኑ ነው። ማኅበር የተሠራው ለሰው ነው፤ ማኅበራት ሁሉ ከዚህ ዓለም ጋር ያልፋሉ፤ የሰው ነፍስ ግን አታልፍም። ስለዚህ የክንዱ ምሳሌ እዚህ ላይ ይገለበጣል። በሰማይ ኮከቡ አላፊ ሲሆን የሚቈየው ክንዱ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ለዘለዓለም የምትኖረው ያች «ተከራይ» የተባለች ልጅ ናት፤ መዝገቡ፣ መረዳጃውና ሕንፃው ግን ያልፋሉ። እንዲህ ከሆነ፣ የማትሞተውን ሰርዞ የሚሞተውን መዝገብ ንጹሕ አድርጎ መያዝ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው?

ነቢዩ ኢሳይያስ በአርባኛው ምዕራፍ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። እግዚአብሔርን ጠቦቶችን በክንዱ በሚሰበስብ እረኛ ይመስለዋል፤ በዚያው ምዕራፍ ወረድ ብሎም ዐይናችንን ወደ ላይ አንሥተን ከዋክብትን በየስማቸው የሚጠራቸውን እንድናስተውል ይጋብዘናል። እዚህ ላይ ክንዱ ስለሚያልፈው ግድ የሌለው ማዕበል አይደለም፤ የሚሰበስበውንም በስሙ ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያን ልትመስል የተጠራችው ይህን ክንድ ነው፤ አላፊውን ትሰበስባለች፤ ነገር ግን እንደ ሰልፍ በቍጥር ሳይሆን በስሙ።

ሊንና ሹ ጽሑፋቸውን ባወጡበት በዚያው በ1964፣ በወርኃ ኅዳር፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን የወሰነው ዶግማዊ ድንጋጌ ወጣ። በሰባተኛው ምዕራፉ ድንጋጌው ቤተ ክርስቲያንን በምድር ላይ በጉዞ ላይ ያለች መንገደኛ አድርጎ ያስተምራል። የሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መውጣት አጋጣሚ ነው፤ ከአጋጣሚነቱ በላይ ምሥጢር ልናደርግበት አይገባም። ሆኖም መንገደኛይቱ ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን «መንገደኛ ስለ ሆናችሁ አልመዘግባችሁም» ብትል ራሷን እንደ መካድ እንደሚቈጠር መገንዘብ አያዳግትም። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በዚህ ምድር ለዘወትር የምትኖር ከተማ እንደሌለችን ሲያስተምር፣ የባለቤትነት ካርታ ያላቸውን ለይቶ አልተወም።

እኛስ፣ «ባለቤቶች» የምንባለው፣ ማን ነን? ይህ ሥፍራ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት መንደር ነበር። ዝቅ ያሉ የጭቃ ቤቶች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ነበሩበት። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ በአዲሶቹ ሕንፃዎች ቤት አገኙ፤ ሌሎቹ ከተወለዱበት ቀዬ ርቀው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ከእኛም ብዙዎቻችን ዕጣ ወጥቶልን ወይም ገዝተን የገባን ነን። እንግዲህ ባለቤት የሆንነው ሌሎች በወጡበት ሥፍራ ገብተን ነው፤ ሌሎችም ደግሞ እኛ በምንወጣበት ይገባሉ። በግንቦት ልደታ ንፍሮውን በደጅ ቀቅሎ ከጎረቤት ጋር የመቅመስን ልማድ እኛ አልፈጠርነውም፤ ከእኛ በፊት በዚህ ምድር ላይ ከኖሩ፣ ስማቸውን ከማናውቃቸው እጅ ተቀበልነው እንጂ። ልማዱ ከእነርሱ ወደ እኛ ሊደርስ የቻለው፣ አንድ ጊዜ አንድ ሰው አዲስ ገቢውን «ና፣ ዝገን» ስላለው ነው። ባለቤትነታችን በቤታችን ውስጥ የበራ መብራት ነው፤ ለቤት ይጠቅማል፤ የተሸከመንን ሰማይ ግን ይሸፍንብናል። ያን ምሽት መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ ልጅቱም ባልጠየቀችኝ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ጉዳዩን እንደገና አነሣሁ። ሐሳቤን ለመለወጥ ያበቃኝ የሥነ ፈለክ ትምህርት ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ አፍሬ ነበር። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ የመረዳጃውን ገንዘብ በተመለከተ ወንድሞቻችን ያነሡት ሥጋት እውነትነት ነበረው። አንዲት መበለት ለዓመታት ከጉሮሮዋ ቀንሳ ያዋጣችውን በጥንቃቄ አለመያዝም ኀጢአት ነው። ስለዚህ ለገንዘቡ መጠነኛ ደንብ አወጣን፤ ከመረዳጃው ለመጠቀም የጥቂት ወራት መዋጮ የሚጠይቅ፣ በባለቤትም በተከራይም ላይ እኩል የሚሠራ ደንብ ነው። ለጸሎቱ፣ ለማዕዱና ለልጆቹ ትምህርት ግን ደንብ አያስፈልግም ተባባልን፤ በእነዚህ የሚጐድል ገንዘብ የለምና። በእርሳስ የሰረዝኋቸውን ስሞች በቀለም መልሼ ጻፍኋቸው።

የልጅቱ ቤተ ሰብ ግን ሥጋቱን እውነት አደረገው፤ ተከታዩ ግንቦት ሳይደርስ ኪራይ ተጨምሮባቸው ወደ ከተማይቱ ዳር ሄዱ። ልጅቱም ትምህርቷን እኛ ዘንድ አልጨረሰችም። ታዲያ የእኛ ድካም ከንቱ ነበርን? በክንዱ ውስጥ የተወለደ ኮከብ ክንዱን ትቶ ስለ ሄደ መወለዱ አልቀረም፤ ፀሐያችንም ዛሬ ከተወለደችበት እጅግ ርቃ ታሞቀናለች። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የሚዘራው በዚህ ሰፈር ብቻ እንዲበቅል አይደለም።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ከዚህ ከተማርሁት ሦስት ነገር ላካፍል እወዳለሁ። የመጀመሪያው፣ አዲስ ገቢውን ቤተ ሰብ መቼ እንደሚወጣ ሳይጠይቁ በገባበት ሳምንት መጐብኘት ነው፤ ለሁለት ወር የሚቀመጥ ልጅ የሁለት ወር ትምህርት ይገባዋል። ሁለተኛው፣ የሚሄደውን በዝምታ አለመሸኘት ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ፣ ልጁ የደረሰበትን ትምህርት የሚገልጽ ደብዳቤ ለሚቀበለው ቁምስና መጻፍ፣ ከተቻለም በዚያ ካለው መምህር ጋር በስልክ መነጋገር ይገባል። እኔም ለዚያች ልጅ ይህን አድርጌአለሁ። ሦስተኛው፣ ስሙን ከመዝገብ አለመፋቅ ነው። ከስሙ አጠገብ የሄደበትን ሥፍራ መጻፍና በጸሎት ጊዜ ማንሣት ይበቃል፤ እንዲህ ያለው መዝገብ ያለፉትንም የሚያስብ ይሆናል።

አሁን ልጅቱን ባገኛት እንዲህ እላታለሁ፦ ልጄ፣ ፀሐይ ተከራይ ናት። በዚያ ክንድ ያሉት ከዋክብትም ሁሉ ተከራዮች ናቸው። እኔም በልደታ ተከራይ ነኝ፤ የቤቴ ካርታ በስሜ ቢሆንም። አንቺ ግን በስምሽ የተጠራሽ ነሽ፤ በሄድሽበትም ያ ስም ይከተልሻል።

ከዋክብትን በየስማቸው የሚጠራ አምላክ ለሚገቡት የተከፈተ ደጅ፣ ለሚወጡት የምርቃት ቃል ይስጠን። ልደቷን የምናከብራት እናታችን ቅድስት ድንግል ማርያምም በጉዟችን ሁሉ ትለምንልን። አሜን።